የፋይቶፕላንክተን ምገባ በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም

የፋይቶፕላንክተን ምገባ በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም ለሚኖሩ እንስሳት ጥቃቅን ተንሳፋፊ የባሕር አልጌዎችን (ዋቅላሚዎችን) በምግብነት መስጠት ነው። የኮራል አኳሪየም በጨዋማ ውሃ የተሞላ፣ ኮራሎች፣ ዓሦችና ሌሎች የባሕር እንስሳት አብረው የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። በባሕር ውስጥ የውሃው እንቅስቃሴ ይህን ምግብ ሳያቋርጥ ያመጣል፣ ትርፉንም ይዞ ይሄዳል። በገንዳ ውስጥ ግን የገባው ነገር ካልተወገደ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፋይቶፕላንክተን ለአንዳንድ እንስሳት ዋና ምግብ ቢሆንም፣ ከሚበሉት በላይ ሲጨመር ውሃውን የሚያበላሽ ማዳበሪያ ይሆናል።

ምንነት

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው። «ፋይቶን» ተክል፣ «ፕላንክቶስ» ደግሞ ተንከራታች ማለት ነው። ፕላንክተን የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1887 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተመራማሪ ቪክቶር ሄንሰን ነው። ፋይቶፕላንክተን በአብዛኛው ባለ አንድ ሕዋስ ሲሆን እንደ ተክል በብርሃን አስተፃምሮ የራሱን ምግብ ያዘጋጃል። በምድር ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተፃምሮ ግማሽ ያህሉ በውቅያኖስ ፋይቶፕላንክተን እንደሚከናወን ይገመታል። እያንዳንዱ ሕዋስ ለዓይን አይታይም፤ በብዛት ሲገኝ ግን ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይመስላል።

ታሪክ

የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ተከፈተ። ኮራልን በቤት ውስጥ በሕይወት ማቆየት ግን ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢንዶኔዥያው ሊ ቺን ኤንግ ሕያው ድንጋይ፣ የባሕር ውሃና የአየር አረፋ ብቻ የሚጠቀም «ተፈጥሯዊ» አያያዝን በጽሑፍ አስተዋወቀ።

አልጌን ለምግብነት የማሳደጉ ዘዴ በአብዛኛው የተወረሰው ከኦይስተርና ከመሰል የባሕር እንስሳት እርባታ ነው። የኦይስተር እጮች መዋጥ የሚችሉት በጣም ጥቃቅን ሕዋሳትን ብቻ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች ተስማሚ ዝርያዎችን መርጠው ማሳደግ ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኢሶክራይሲስ ጋልባናን እንግሊዛዊቷ ሜሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይንሳዊ ስሙ መዝግባዋለች። አሜሪካውያኑ ሮበርት ጊያርድና ጆን ራይተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 «ኤፍ» የተባለ የማሳደጊያ ቀመር አወጡ። በግማሽ የቀጠነው «ኤፍ/2» ዛሬም በቤተ ሙከራም ሆነ በቤት ውስጥ በስፋት ይሠራበታል።

የሚመገቡት እንስሳት

በአኳሪየም ያለ እንስሳ ሁሉ ፋይቶፕላንክተን አይበላም። በቀጥታ የሚጠቀሙት በዋናነት ውሃ እያጠለሉ የሚመገቡት ናቸው፦

• ጥንድ ዛጎል ያላቸው እንስሳት፦ ኦይስተርና ትሪዳክና የተባሉት ግዙፍ ክላሞች ይገኙባቸዋል። ትሪዳክና በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ አልጌዎችም ምግብ ያገኛል። ሆኖም ገና ትንሽ ሳለ አጥልሎ በሚያገኘው ምግብ ላይ ያለው ጥገኝነት ከፍ ያለ ነው።
• ላባ መሰል አክሊል ያላቸው የቱቦ ትሎች እና ሰፍነጎች።
• ኮፔፖዶች፦ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ፣ ከሸርጣን ጋር የሚዛመዱ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው።
• አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎች።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት በሰሜናዊ ቀይ ባሕር የሚገኘው ዴንድሮኔፍትያ የተባለ ለስላሳ ኮራል በዋናነት ፋይቶፕላንክተን እንደሚመገብ አሳይቷል። ይህ ኮራል በአካሉ ውስጥ አልጌ ስለሌለው ከብርሃን ምግብ አያገኝም።

ድንጋያማ አጽም የሚሠሩት አብዛኞቹ ኮራሎች ግን የተለዩ ናቸው። ከሚያስፈልጋቸው ኃይል ብዙውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩት ዙዛንቴላ የተባሉ አልጌዎች ነው፤ በክንዶቻቸው የሚይዙትም በአብዛኛው እንስሳዊውን ፕላንክተን፣ ማለትም ዙፕላንክተንን ነው። ለእነዚህ ኮራሎች የፋይቶፕላንክተን ጥቅም በተዘዋዋሪ ይመጣል። ኮፔፖዶች አልጌውን ይበላሉ፣ ይራባሉ፤ ኮራሎችና ዓሦች ደግሞ ኮፔፖዶቹንና እጮቻቸውን ይመገባሉ። ኮፔፖድ በየሰዓቱ ሲለቅም የሚውለው ማንዳሪን ዓሣ በዚህ ሰንሰለት ላይ በእጅጉ ይደገፋል።

የተለመዱ ዝርያዎች

መጠኑ ከእንስሳው አፍና ማጥለያ ጋር መመጣጠን ስላለበት የዝርያ ምርጫ ወሳኝ ነው። ከታች ያሉት መጠኖች በማይክሮሜትር (በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) የተገለጹ ናቸው።

• ናኖክሎሮፕሲስ፦ ከ2 እስከ 4 ገደማ። ለማሳደግ ቀላል ነው፤ ኢፒኤ በተባለ የኦሜጋ 3 ቅባትም የበለጸገ ነው። የሕዋሱ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ሁሉም እንስሳት በቀላሉ አይፈጩትም።
• ኢሶክራይሲስ፦ ከ4 እስከ 6 ገደማ። ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ ዲኤችኤ የተባለው ቅባት በብዛት ይገኝበታል።
• ቴትራሴልሚስ፦ 10 ገደማ። በአራት ጅራፍ መሰል ጭራዎች ይዋኛል፤ ለኮፔፖዶች ይስማማል።
• ታላሲዮሲራ፦ ዲያቶም ነው። ሽፋኑን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ ለማሳደግ ሲሊኬት መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ ዝርያ ብቻውን የተሟላ ምግብ ስለማይሆን፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዝርያዎች ተደባልቀው ይሰጣሉ።

በቤት ውስጥ ማሳደግ

ለማሳደግ የሚያስፈልጉት ንጹሕ ጠርሙስ፣ በተጣራ ውሃ የተሟሟ የባሕር ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ዘር የሚሆን ሕያው አልጌ፣ የአየር ፓምፕና መብራት ናቸው። የአየሩ አረፋ ሕዋሳቱ እንዳይዘቅጡ ያደርጋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያቀርባል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውሃው ጠቆር ያለ ቀለም ሲይዝ ግማሽ ያህሉ ይቀዳል፤ በቦታውም አዲስ የጨው ውሃና ማዳበሪያ ይተካል።

ትልቁ ችግር ብክለት ነው። ሮቲፈር የተባለ ጥቃቅን እንስሳ ወደ ጠርሙሱ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አልጌውን በልቶ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ለአኳሪየሙ የሚያገለግል ዕቃ ለማሳደጊያው አይውልም፤ መጠባበቂያ ዘርም ለብቻው ይቀመጣል። የተቀዳው አልጌ በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ እንዳይረጋም በየጊዜው መነቅነቅ አለበት። የገማ ወይም ሲነቀነቅ የማይበተን አልጌ ይጣላል።

አሰጣጥ

ፕሮቲን ስኪመር፣ ማለትም በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ፣ አልጌውንም ጭምር ከውሃው ያወጣል። በዚህ ምክንያት በምገባ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይጠፋል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ውሃ የሚያጸዳ መሣሪያ ካለም እንዲሁ ይደረጋል። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች ግን አይጠፉም፤ ምግቡን ወደ እንስሳቱ የሚያደርሱት፣ ኦክስጅንም እንዳይጎድል የሚረዱት እነሱ ናቸው። በትንሽ መጠን ጀምሮ አዘውትሮ መስጠት፣ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመጨመር ይሻላል።

መጠንና የውሃ ጥራት

የምገባው ዋና ጥያቄ ምን ያህል ይበቃል የሚለው ነው። በኤፍ/2 ቀመር የተዘጋጀ 1 ሊትር ውሃ 55 ሚሊግራም ገደማ ናይትሬትና 3.4 ሚሊግራም ገደማ ፎስፌት ይይዛል። በዚህ ያደገ አልጌ በየቀኑ 50 ሚሊሊትር ያህል 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ቢጨመር፣ በቀን የሚገባው ፎስፌት በሊትር 0.0017 ሚሊግራም ብቻ ነው። የሚያስወግደው ነገር ከሌለ ግን በ30 ቀን በሊትር 0.05 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ናይትሬቱም 0.8 ሚሊግራም ይሆናል። ብዙ የአኳሪየም ባለቤቶች ፎስፌትን በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች ለማቆየት ስለሚጥሩ፣ የአንድ ወር ጭማሪው የዚህን ገደብ ግማሽ ይወስዳል።

ሕያው አልጌ ናይትሬትና ፎስፌት ስለሚመገብ «ውሃ ያጸዳል» የሚል አስተያየት አለ። ይህ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። አልጌው ንጥረ ነገሩን በሕዋሱ ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ሕዋሱ ሞቶ ሲበሰብስ፣ ወይም ተበልቶ በቆሻሻ መልክ ሲወጣ፣ በበላተኛው አካል ከሚቀረው በስተቀር ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ንጥረ ነገሩ ከገንዳው የሚወጣው በስኪመር፣ ውሃ በመቀየር ወይም ያደገ አልጌ አጭዶ በማውጣት ነው።

ከመጠን በላይ የመስጠት ምልክቶች ውሃው ለረጅም ሰዓት ደፍርሶ መቆየት፣ በመስታወቱና በድንጋዩ ላይ አልጌ መብዛት፣ እንዲሁም በመለኪያ የሚታይ የናይትሬትና የፎስፌት መጨመር ናቸው። በዚህ ጊዜ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ለጥቂት ቀናት ይቆማል።

ገደቦች

ፋይቶፕላንክተን መስጠት እያንዳንዱን የባሕር እንስሳ በቤት ለማኖር አያስችልም። ዴንድሮኔፍትያ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በደማቅ ቀለሙ ምክንያት ለሽያጭ ይቀርባል፤ በባሕር ውስጥ ግን ቀንና ሌሊት በሚያልፍበት ውሃ የሚመጣለትን ምግብ ይለቅማል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚጨመር አልጌ ይህን ስለማይተካ፣ በአብዛኞቹ የቤት አኳሪየሞች ቀስ በቀስ እየሟሸሸ በረሃብ ይሞታል። በአንጻሩ ኮፔፖድ፣ የቱቦ ትልና ትናንሽ ክላሞች ባሉበት ገንዳ መጠነኛ ምገባ ጥቅም አለው። አጥልሎ የሚመገብ እንስሳ በሌለበት ገንዳ ግን የሚጨመረው አልጌ በአብዛኛው ማዳበሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።