ተነቅሎ የሚተከል ቤት፦ መጠገን ወይስ እንደገና መሥራት?

ድርቅ፣ ግጭት ወይም የልማት ሥራ ሕዝብን ከቀዬው ባነሳ ቁጥር፣ ቤተሰቡ ከእህሉና ከከብቱ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ቤቱ ነው። የሚነሳውም ጥያቄ ከዚህ የሚዘል አይደለም፤ ያለውን ቤት ነቅሎ ወስዶ መጠገን ይሻላል ወይስ ጥሎት ሄዶ ሌላ መሥራት? ጥያቄው ለተመልካች ቀላል ቢመስልም በችግር ላይ የሚገኝ ቤተሰብ የቀረችውን ጥሪት በሙሉ የሚነካ ነው። ቆርቆሮውን በችኮላ ሸጦ ጎጆ አልባ የሆነ፣ ወይም የመጨረሻ ገንዘቡን በበሰበሰ እንጨት ላይ አፍስሶ ክረምቱን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያሳለፈ ቤተሰብ፣ ከዕርዳታ ጥገኝነት ለመላቀቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመስክ የተሰማሩ ኃላፊዎችና የዕርዳታ ሠራተኞች ጉዳዩን ከቤተሰቡ ጋር ሆነው የሚመዝኑበትን መንገድ፣ የአርሲ ነገሌን አካባቢ ሁኔታ መነሻ በማድረግ ማስረዳት ነው።

ከቦታ ቦታ የሚዛወር ቤት

ቤት ሁሉ እንደተተከለ የሚቀር አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ቤቱ ከሰሌንና ከጎባጣ እንጨት የተሠራ በመሆኑ መንጋው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የሶማሌ አርብቶ አደርም ‹አቃል› የተባለውን ቤት አፍርሶ በግመል ጭኖ ይጓዛል። በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ ቤቱን የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቲቱ ናት፤ የትኛው እንጨት እንደደከመና የትኛው ሰሌን እንደሚለወጥ የምታውቀውም እርሷ ነች።

የአርሲ አርሶ አደር ቤት ከዚህ ይለያል። ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ስለሆነ፣ ሰውየው ሲነሳ ይዞት የሚሄደው ቤቱን ሳይሆን የቤቱን አጥንት ነው። ቋሚው፣ ወራጁ፣ ማገሩ፣ በርና መስኮቱ፣ ከሁሉም በላይ ቆርቆሮው ይጓዛል፤ ምርጊቱ ግን ከፈረሰበት ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚመረምር ሠራተኛ የግድግዳውን መሰነጣጠቅ አይቶ ‹ይህ ቤት አልቆለታል› ብሎ መፍረድ የለበትም። መመርመር ያለበት ተነቅሎ የሚሄደውን ክፍል ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

አርሲ ነገሌ ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተሰሜን ምዕራብ መሬቱ ወደ አብያታና ሻላ ሐይቆች ይወርዳል፤ በሐይቆቹ ዙሪያ ከፍታው 1600 ሜትር ገደማ ነው። በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ ሙነሳ ደንና ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። በመሆኑም በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቤት ጠላት አለ። በቆላማው ክፍል ፀሐይና ምስጥ፣ በደጋማው ክፍል ዝናብና ብርድ ቤትን ይጎዳሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ቤትም በነበረበት አኳኋን ሊተከል አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጨት ነው። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የነበረው የግራር ደን ለከሰልና ለእርሻ ሲባል በእጅጉ ተመናምኗል። በአርሲ ነገሌ የሚታወቀው የአረቄ ማውጣት ሥራም ብዙ ማገዶ የሚጠይቅ በመሆኑ በሙነሳ ደን ላይ ጫና አሳድሯል። ስለዚህ ከአሮጌው ቤት የሚድን እያንዳንዱ ቋሚ ለቤተሰቡ ወጪ የሚያቃልል፣ ለአካባቢውም አንድ ዛፍ የሚያተርፍ ነው።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ለምርጊት የሚቦካው ጭቃ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ሰውና ከብት የሚጠጣው ባጣበት የድርቅ ወቅት ግድግዳ ለመምረግ ውኃ ማመላለስ፣ በተለይም ለሴቶችና ለልጆች ከባድ ሸክም ነው። ይህ ወጪ በገንዘብ ስለማይከፈል ብቻ ከስሌት ውጭ ሊሆን አይገባም።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ዘመቻ 600000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስደዋል። እነዚህ ወገኖች በጣም ከመራቃቸው የተነሳ ቤታቸውን ይዘው ሊሄዱ አልቻሉም። በ1978 ዓ.ም. በአርሲና በሸዋ ክፍላተ ሀገር የተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ግን ሰውን ከአቅራቢያው የሚያሰባስብ በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱንና ክዳኑን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መንደር እንዲሄድ አድርጎታል። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ደግሞ ብዙዎች መንደሩን ትተው ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ተመለሱ። አንድ ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነቀለ ማለት ነው።

የዚህ ጉዳት በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ቋሚ 60 ሴንቲ ሜትር ቢቀበር ከመሬት በላይ 2 ሜትር ከ40 ይቆማል። ከመሬት የተገናኘው ጫፍ በእርጥበትና በምስጥ ስለሚበላ ሲነቀል ይቆረጣል። የተቆረጠው 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ እንደገና ሲቀበር ከመሬት በላይ የሚቀረው 1 ሜትር ከ80 ነው። በሁለተኛው ዝውውር ወደ 1 ሜትር ከ20 ይወርዳል። ይህ ለሰው ቤት አይሆንም። በቁጥር ሲታይ ‹ሁሉም እንጨት አለ› ሊባል ይችላል፤ ቤቱ ግን የለም። ስለዚህ ሠራተኛው ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ‹ይህ ቤት ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ተነቅሏል?› የሚለው ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ

ከእንጨትና ከቆርቆሮ በፊት የሚመረመረው ቦታው ነው። ቤተሰቡ በአዲሱ ስፍራ ይቆያልን? የይዞታ ማረጋገጫ ተሰጥቶታልን? ውኃ፣ ግጦሽና እርሻ በሚደረስበት ርቀት ይገኛልን? በ1996 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተነስቶ በኢሉባቦር ጨዋቃ ለሰፈረው ሕዝብ የተሠራው ቤት እንዲኖርበት የታሰበ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች በተነሱ ጊዜ ግን፣ መቼ እንደሚመለሱ በእርግጠኝነት ሊነገራቸው አልቻለም። ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ ዓይነት ቤት አይጠይቁም።

መልሱ ‹ይቆያል› ከሆነ ለመሠረት፣ ለምርጊትና ለወለል ማውጣት ተገቢ ነው። መልሱ ‹አይታወቅም› ከሆነ ግን ገንዘቡ ተነቅሎ ሊሄድ በሚችለው ክፍል ላይ ብቻ መዋል አለበት። ደህና ቆርቆሮ፣ ጠንካራ ወራጅ፣ የሚዘጋ በር በማንኛውም ስፍራ ያገለግላሉ። ከቦታው ጋር የሚቀረው ሥራ በሳር፣ በሰሌን ወይም በሸራ ይሸፈናል። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ የታቀደውን የፍጥነት መንገድ በመሰለ ሥራ ምክንያት ከይዞታው የሚነሳ ቤተሰብም፣ ቋሚ ምትክ ቦታው እስኪለይ ድረስ በዚሁ መመሪያ ቢመራ ይጠቀማል።

የቤቱን አካል መመርመር

ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይካሄዳል። በመጀመሪያ የየቋሚው እግር ጭቃው ተፍቆ በቢላ ይወጋል። ቢላው ያለ ችግር ዘልቆ የሚገባ ከሆነ እግሩ አልቋል፤ ካልገባ እንጨቱ ገና ያገለግላል። በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ የሆነ እንጨት ውስጡ በምስጥ መበላቱን ያስረዳል። የጥድ ቋሚ ከባሕር ዛፍ ይልቅ መበስበስን ስለሚቋቋም፣ አርጅቷል ተብሎ ሳይመረመር እንዳይጣል ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቆርቆሮው ይታያል። ቆርቆሮ በጌጅ የሚለካ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የቀጠነ ነው። ላይ ላዩን የዛገ ነገር ግን ያልተበሳ ቆርቆሮ ይጠገናል። በቤቱ ውስጥ ሆነው ወደ ሰማይ ሲመለከቱ ብርሃን በብዙ ቦታ የሚታይ ከሆነ ለጣሪያ አያገለግልም፤ ለአጥር ወይም ለማድ ቤት ጎን ይውላል። የምስማር ቀዳዳ ብቻውን ቆርቆሮን አያስጥልም፤ በሬንጅ ይደፈናል።

ስሌቱ

ውሳኔው በግምት እንዳይሆን ስሌት ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ መሠረት ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ያስፈልጋል፤ በብርዳማ ስፍራ ግን ብዙው ኑሮ በቤት ውስጥ ስለሚሆን ከ4.5 እስከ 5.5 ይደርሳል። አምስት ሰዎች ያሉት አንድ ቤተሰብ 3 በ5 ሜትር የሆነ ቤት ነበረው እንበል። ይህ 15 ካሬ ሜትር ስለሆነ በቆላውም እንኳ ለአራት ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ቤቱ እንደነበረ ቢተከል ጉድለቱም አብሮ ይተከላል። አንድ ሜትር ቢጨመርበት 18 ካሬ ሜትር ሆኖ ለአምስቱም ይደርሳል።

የ2 ሜትር ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ 75 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይሸፍናል ቢባል፣ የቀድሞው ቤት ከነክፈፉ በሁለቱም ጎን 16፣ የተራዘመው 18 ቆርቆሮ ይፈልጋል። ከ16ቱ 11 ደህና ቢገኙ የሚገዛው 7 ነው። ቤተሰቡ ሁሉን ጥሎ ቢነሳ ግን 18 ይገዛል። የተገኘው ልዩነት በዕለቱ ዋጋ ተባዝቶ ከማጓጓዣው ጋር ይነጻጸራል። ቋሚዎቹ አብዛኞቹ ካለቁ፣ ቆርቆሮውና ወራጁ ብቻ ተወስደው አዲስ ቋሚ መግዛት ይመረጣል። ቋሚውም ቆርቆሮውም ካለቀ ግን በሩንና መስኮቱን አንስቶ የቀረውን ለማገዶ መተው እንጂ ለጭነት ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ማፍረስና መትከል በበጋ፣ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በእርሻ ወቅት የሚነቀል ቤት ሰብልንም ይዞ ይነቀላል። የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነው። ምስማሩ በጉጠት ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ሳይታጠፍ ይደረደራል፤ ወራጅና ቋሚው በነበረበት ቦታ ልክ ምልክት ይደረግበታል። ምልክት የሌለው እንጨት በአዲሱ ቦታ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠም አይመለስም።

በአዲሱ ቦታ ጎርፍ የማያገኘው ከፍ ያለ መሬት ተመርጦ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል። ያጠረ ቋሚ ከድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ ቁመቱ ይድናል፤ ነገር ግን ያልተቀበረ ቋሚ በነፋስ ስለሚወላገድ በማዕዘኖቹ በሰያፍ ድጋፍ መታሰር አለበት። ምስጥ ባለበት ስፍራ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ይህም ከውኃ ጉድጓድ ርቆ መሠራት አለበት። ወራጁ ከቋሚው ጋር በሽቦ ይታሰራል። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም።

ጣሪያው ከግድግዳው ይቀድማል። ጣሪያ ያለው ቤተሰብ ውኃ እስኪገኝ ግድግዳውን በሸራ ሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። የዕርዳታ ሸራ ፀሐይ ስለሚጎዳው ለጊዜው የሚሆን እንጂ ቋሚ ክዳን አይደለም፤ ከላዩ ሳር ቢለብስ ዕድሜው ይረዝማል። ሸራም ሳርም ለእሳት ቅርብ ስለሆኑ ማድ ቤቱ ተለይቶ መሠራት ይኖርበታል።

የባለቤቱ ድርሻ

የደቦ ጉልበት ባለበት አካባቢ ቤት መንቀልና መትከል የጎረቤት ሥራ ነው፤ ሴት የቤት ኃላፊዎች፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ግን ብድሩን በጉልበት መመለስ ስለማይችሉ ከደቦው እንዳይዘነጉ ክትትል ያስፈልጋል። ሠራተኛው ዋጋውን፣ ቁጥሩንና አደጋውን ያስረዳል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የባልና የሚስቱ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ዝውውሮች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ሳይመክርበት የተተከለ ቤት ዘመን ሲለወጥ ይነቀላል። ባለቤቱ መክሮበት፣ ደህናውን ከበሰበሰው ለይቶ የተከለው ቤት ግን አሮጌ ቆርቆሮ ቢለብስም ለሚመጣው ክረምት መጠጊያ፣ ለሚቀጥለውም እርሻ መነሻ ይሆናል።