የድንጋይ ምልክት
በአካዲያ ባሕር ዳር ስላሉ ጸጥተኛ መንገዶችና ስለ ጠራጊዎቻቸው

ሕዝብ ሁሉ ወደሚጐርፍበት ተራራ የወጣ ሰው፥ ብዙ ጊዜ አይቶ የሚመለሰው ተራራውን ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው ጀርባ ነው። በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የሚገኘው አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ከፓርኩ ተራሮች ከፍተኛው ካዲላክ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 466 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፥ በአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ የሚበልጠው የለም። መኪና እስከ ጫፉ ስለሚወጣ፥ የፀሐይን መውጣት ለማየት የሚሰበሰበው ሰው እጅግ በዛ። ስለዚህ ከ2021 ጀምሮ ጐብኚ በሚበዛባቸው ወራት አስቀድሞ ፈቃድ ያልያዘ መኪና እንዳይወጣ ተከልክሏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚሁ ፓርክ ውስጥ ግን ብዙ እግር የማይረግጣቸው፥ ለሕፃንም ለሽማግሌም የሚስማሙ ሌሎች መንገዶች አሉ። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ሊሄድ ያሰበ ቢኖር፥ እነዚህን ማወቁ ይጠቅመዋል። አስቀድሞ ግን መንገዶቹን ማን እንዳቀናቸው መረዳት ይገባል።

የፓርኩ አብዛኛው ክፍል ማውንት ዴዘርት በምትባል ደሴት ላይ ነው። የአገሩ የጥንት ባለቤቶች ዋባናኪ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የንጋት ምድር ሰዎች ማለት ነው፤ ዛሬም በሜይን ይኖራሉ። በ1604 ፈረንሳዊው ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በመርከብ ሲያልፍ፥ የተራሮቹ ራስ ዛፍ የሌለበት ባዶ ዐለት መሆኑን አይቶ የደሴቲቱን ስም በዚያው አወጣ። መሬቱ ለሕዝብ የተጠበቀው በመንግሥት ትእዛዝ ተጀምሮ አይደለም። በ1901 ጆርጅ ዶርና ቻርልስ ኤልየት ከወዳጆቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው፥ መሬቱን በስጦታና በግዢ ጥቂት በጥቂት ሰበሰቡ፤ በ1916 ለመንግሥት በነጻ አስረከቡት። በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ አካዲያ የሚለውን ስም ያገኘው በ1929 ነው። ዶር ሀብቱን በዚህ ሥራ ላይ አፍስሶ፥ በመጨረሻ ዘመኑ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ እንኳ፥ በ1944 እስኪሞት ድረስ የፓርኩ የመጀመሪያ ሹም ሆኖ አገለገለ።

ከእነርሱ ይልቅ ስሙ ያልገነነ፥ ግን ለእግረኛ የቀረበ ሌላ ሰው አለ። ዋልድሮን ቤትስ የባር ሃርበር ከተማ የመንገድ ጠራጊዎች ማኅበር መሪ ነበረ፤ በ1909 ሞተ። በዐለት ላይ መንገድ ዱካ አይተውምና፥ ቤትስ አንድ ምልክት አበጀ። ሁለት ድንጋዮች እንደ እግር ይቆማሉ፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በላያቸው እንደ ጉበን ይጋደማል፤ በእርሱ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ድንጋይ ይቀመጣል። ትንሹ ድንጋይና በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት መንገዱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያሉ። የባሕር ጉም በድንገት ሲወርድ፥ መንገደኛውን ከገደል የሚያድነው ይህ የድንጋይ ክምር ነው። አንዳንድ ጐብኚ ግን ለጨዋታ ብሎ ያፈርሰዋል፤ ሌላውም ከመንገዱ ውጭ የራሱን ክምር ይሠራል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከኋላው የሚመጣውን እንደሚያሳስት አያስተውልም።

ለቤትስ መታሰቢያ የሚሆን ሰሌዳ የሚገኘው በጎርሃም ተራራ መንገድ ላይ ነው። ተራራው 160 ሜትር ብቻ ስለሆነ፥ እግሩ የጠና ልጅ ሊወጣው ይችላል። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው የካዲላክ ገደል መንገድ፥ ዛሬ ከባሕሩ ርቆ ከፍ ብሎ ወደሚገኝ፥ ማዕበል ወደ ቦረቦረው ዋሻ ያደርሳል። ይህስ እንዴት ሊሆን ቻለ? በጥንት ዘመን ከባዱ የበረዶ ግግር ምድሩን ተጭኖ ዝቅ አድርጎት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ወደ ዝቅተኛው ምድር ገባና ዐለቱን መታ፤ ኋላ ምድሩ ከሸክሙ አርፎ ቀስ በቀስ ሲነሣ፥ የባሕሩ ሥራ በተራራው ጐን ላይ ቀረ።

በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ያለው ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። በዚያ 256 ሜትር ከፍታ ያለው ቢች ተራራ አለ፤ በጫፉም የቀድሞው የእሳት መጠበቂያ ማማ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ የሚመለከት ሰው በአንድ በኩል ረጅሙን ሐይቅ፥ በሌላው በኩል ውቅያኖሱንና ትናንሽ ደሴቶችን ያያል። ማማው ያለ ምክንያት አልቆመም። በጥቅምት 1947 የተነሣው እሳት በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል ከ17,000 ኤከር በላይ የሚሆን መሬት አቃጠለ፤ ከዚህም ከ10,000 የሚበልጠው በፓርኩ ውስጥ ነበረ። ዛሬ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ በምሥራቅ በኩል ከእሳቱ በኋላ የበቀሉት ቅርፊታቸው ነጭ የሆነ የበርች ዛፎች በዝተው ሲታዩ፥ ምዕራቡ እሳቱ ስላልደረሰበት የጥድ ወገን በሆኑ ጥቋቁር ዛፎች እንደ ተሸፈነ ነው።

ሕፃናት ላሉት ቤተ ሰብ ከሁሉ የሚመቹት በዚሁ ምዕራባዊ ክፍል ደቡብ ጫፍ ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። ሺፕ ሃርበር እንደ ቍጥር 8 የተጠማዘዘ፥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው፤ ጐረቤቱ ዋንደርላንድም ደርሶ መልሱ ከዚህ ጥቂት የሚበልጥ የጠጠር ጐዳና ነው። ሁለቱም በዛፎች መካከል አልፈው ወደ ሮዝማ የግራናይት ዐለት ያደርሳሉ። ባሕሩ በጐደለ ጊዜ በዐለቱ ጐድጓዶች ውስጥ ውሃ ይቀርና፥ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይታዩበታል። ልጅ ዐይቶ ይደሰት፤ ያነሣውን ድንጋይ ግን እንደ ነበረ ይመልስ፤ ከሥሩ ያለው ፍጥረት በፀሐይ ይደርቃልና። በጥር 2024 ሁለት ብርቱ ማዕበሎች ይህን ጠረፍ መትተው የባሕር ዳሩን መንገዶች ስለ ጐዱ፥ ከመሄድ በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደ ሆነ የፓርኩን ጠባቂዎች መጠየቅ መልካም ነው።

ገደል መውጣት ለማይችሉ አዛውንት ደግሞ የዴይ ተራራ አለላቸው። ሮክፌለር ከ1913 እስከ 1940 ባሠራቸው፥ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባላቸው የሠረገላ መንገዶች ላይ መኪና አይሄድም፤ ዳገታቸውም ለስላሳ ነው። ከእነዚህ አንዱ እየዞረ እስከ ዴይ ተራራ ጫፍ ይወጣልና፥ በዝግታ የሚራመድ ሰው ሳይንገላታ ባሕሩን ከላይ ሆኖ ያያል።

ከሕዝቡ ጨርሶ መራቅ የሚወድ ወደ ስኩዲክ ይሂድ። ከፓርኩ በዋናው ምድር ላይ ያለው ክፍል ይህ ብቻ ሲሆን፥ ከባር ሃርበር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በጫፉ ሮዝማውን ግራናይት እንደ ጥቁር መቀነት የሚያቋርጥ ሌላ ድንጋይ ይታያል፤ ይህም ቀልጦ በዐለቱ ስንጥቅ ገብቶ የደረቀ ነው። ማዕበሉ እዚህ ኀይለኛ ስለሆነ፥ በረጠበ ዐለት ላይ መቆም አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ስለ ባር ደሴት እንናገር። ከባር ሃርበር ወደዚህች ትንሽ ደሴት በእግር የሚሻገሩት፥ ባሕሩ ሲጐድል ብቻ በሚገለጥ የጠጠር መንገድ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል። መንገዱ የሚገለጠው ባሕሩ ፈጽሞ ከሚጐድልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል በፊትና አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ይህን የናቁ ሰዎች በደሴቲቱ ላይ ታግደው ቀርተዋል፤ በጠጠሩ ላይ ያቆሙትም መኪና በውሃ ተውጧል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። የሙላቱ ሰዓት ዕለት ዕለት ስለሚለወጥ፥ የዕለቱን ሰሌዳ ሳያዩ መሻገር አይገባም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሰው የማይበዛበት መንገድ ጠባቂም የማይበዛበት ነውና፥ ጥበቃው በሚሄድበት ሰው እጅ ይወድቃል። በካዲላክ ጫፍ አፈሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ከመንገድ የወጣው የብዙ ሰው እግር ሣሩንና የድንጋይ ሽበቱን አጥፍቶታል። ያ ሕዝብ ወደ ጸጥተኞቹ መንገዶች ያንኑ አረማመድ ይዞ ቢመጣ፥ እነርሱም እንዲሁ ይሆናሉ። ስለዚህ ወላጅ ልጁን በዐለቱና በተጠረገው መንገድ ላይ ብቻ እንዲረግጥ ያስተምረው። ጭልፊት በሚፈለፍልባቸው ወራት አንዳንዱ የገደል መንገድ ሲዘጋ፥ ተዘግቶ እንደሚቈይ ይንገረው። የቤትስን ምልክት በደረሱበት ጊዜም ቆም ብለው፥ ትንሹ ድንጋይ ወዴት እንደሚያመለክት ልጁ ራሱ ይናገር። ከዚያም ሳይነኩት ይለፉ፤ ነገ በጉም ውስጥ የሚመጣው መንገደኛ ይፈልገዋልና።