ያውቁ ኖሯል? የሞተ ሂደት ቁጥር ለባዕድ ይወረሳል

በሊኑክስ ሥርዓት እያንዳንዱ ሂደት ሲፈጠር የሚሰጠው መለያ ቁጥር የዘላለም ስሙ መስሎ ቢታይም፣ ቁጥሮቹ በነባሮቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ 32768፣ በብዙዎቹ አዳዲሶች ደግሞ 4194304 ወሰን ተበጅቶላቸው፣ እዚያ ሲደርሱ ወደ 300 ተመልሰው እንደ ገና ስለሚታደሉ፣ ትናንት የሞተው ሂደት ቁጥር ዛሬ ለሌላ ሊወረስ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ስለዚህም በትእዛዝ መስመር ላይ «ኪል 4127» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ቁጥሩን ካነበበበት ቅጽበት ወዲህ ባለቤቱ ተለውጦ እንደ ሆነ፣ ያለ በደሉ ሌላውን ሊገድል ይችላል፤ ይህም በእኛ አስተያየት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

በአንድ ደብር ሁለት ገብረ ሥላሴ ቢገኙ በአባት ስም እንደሚለዩ ሁሉ፣ ሂደትም በቁጥሩ ላይ የልደቱ ሰዓት ሲጨመርበት ይለያል፤ ይህ ሰዓት «ፕሮክ» በሚባለው ማኅደር፣ በሂደቱ ቁጥር በተሰየመው ክፍል፣ «ስታት» በተባለው ፋይል 22ኛ ቦታ ላይ፣ ኮምፒዩተሩ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ተቈጥሮ ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ቆጠራው ከአልፋ ስለሚጀምር፣ በየመነሣቱ የሚታደሰውን «ቡት አይዲ» የተባለ ማኅተም ማከል ያስፈልጋል።

«ኔምስፔስ» በሚባለው የስም አጥር ውስጥ ያለ ሂደት ደግሞ በውስጥ ለምሳሌ 1 ተብሎ ሲጠራ በውጭ ሌላ ቁጥር አለው፤ አጥሩን ራሱን ለመለየት በ«ሪድሊንክ» ትእዛዝ የሂደቱን «ኤንኤስ» ክፍል ቢጠይቁ፣ የመጀመሪያው የሂደቶች አጥር 4026531836 ብሎ ይመልሳል።