ከማደያ ወደ ቆጣሪ

የቤንዚን መኪና ያለው ቤተሰብ ስለ ነዳጅ የሚያስበው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ጠቋሚው ሲወርድ ማደያ ይፈለጋል፣ ሰልፍ ካለ ይጠበቃል፣ ተሞልቶ ይኬዳል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ቤተሰብ ግን ማደያውን ግቢው ውስጥ ያስገባል። መኪናው ኃይሉን የሚያገኘው ሌሊት፣ ሰዉ ተኝቶ ሳለ፣ ምጣዱና ፍሪጁ ከሚሠሩበት ከዚያው ቆጣሪ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ነገሩን የሚጀምረው ከመኪና መሸጫው ነው። ቀለሙን፣ ስክሪኑን፣ የወንበሩን ቆዳ አይቶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ የቤቱ ሽቦ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ስለዚህ እዚህም መኪናውን የማስተዋውቀው ከግቢው ተነሥቼ ነው።

ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ከመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ፤ ተበታትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠመው እሱም ተነሣ። የታክስ ነገር ስለሚለዋወጥ ገዢው በሚገዛበት ሰሞን ያለውን ማረጋገጥ አለበት። በጥር 2016 ደግሞ የኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ፤ ይህን በማድረግ ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጁ በየዓመቱ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ከውጭ ይገዛል፤ መብራቱ ግን ከ90 ከመቶ በላይ ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ግድቡ ግን ጉባ ነው፤ መኪናው የሚሰካው ሰፈር ውስጥ ነው።

ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ውሎ፣ ገበያ ነክቶ የሚመለስ የአዲስ አበባ መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ለ40ው 6 ይበቃዋል። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚሰጥ የቀኑን በሦስት አራት ሰዓት ይመልሳል። ሌሊቱን 10 ሰዓት ተሰክቶ ቢያድር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ይገኛል። «ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ ለከተማ ቤተሰብ ያን ያህል አያስጨንቅም። ባዶ ባትሪ በተራ ሶኬት ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል፤ ነገር ግን በየማታው ባዶ ሆኖ የሚገባ መኪና የለም።

የሚያስጨንቀው ሽቦው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ቢሆንም እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ይነቀላል። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሲጋገርበት እንደሚያድር ምጣድ ነው። ለመብራትና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ጭነት ለሰዓታት ሲሸከም ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን መሰካት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጫ የለውም።

መደረግ ያለበት ብዙ አይደለም፣ ግን ሳይሠራ መኪናው ባይገባ ይሻላል። ከቆጣሪው ሳጥን ተነሥቶ ሌላ ምንም ያልተቀጠለበት፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር እስከ መኪና ማቆሚያው ይዘርጋ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፤ እሱን የፈለገ ሰው የቤቱ ቆጣሪ መቻሉን አስቀድሞ መብራት ኃይል ሄዶ ይጠይቅ፣ ካስፈለገም ሦስት ፌዝ ያስገባ። አቅሙ ካልፈቀደ በዝግታው ቻርጀር መኖር ይቻላል፤ የቤት ውስጥ ስምምነት ብቻ ይፈልጋል። ምጣዱ ሲጣድ መኪናው ይነቀል፣ ማታ ሁሉም ነገር ሲጠፋ ይሰካ።

የመሬት ሽቦውን ነገር ግን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። በርካታ ቤቶቻችን ግራውንድ የላቸውም። ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፤ ያን ጊዜ ቻርጀሩን በሽቦ አታልሎ የሚያስነሣ ባለሙያ ነኝ ባይ አይጠፋም። ይህ የሚታለል ነገር አይደለም። የመሬት ሽቦ የሌለው መኪና ውስጡ አንድ ብልሽት ቢፈጠር ኤሌክትሪኩ በቆርቆሮው ላይ ይቆማል፤ ክረምት ላይ በባዶ እግሩ ግቢ የሚሯሯጥ ልጅ መጀመሪያ የሚነካው የመኪናውን በር ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበረው የመዳብ ዘንግና ሽቦው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ ችግሩ ሌላ ነው። ቆጣሪው የራሱ፣ መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ሽቦ ማውረድ መፍትሔ አይደለም፤ ይላላጣል፣ ዝናብ ይገባዋል፣ የጎረቤት ልጅ ይጎትተዋል። ነገሩን ለነዋሪዎች ማኅበር አቅርቦ ለማቆሚያው የተለየ ቆጣሪ ማስገባትና የሚጠቀሙ ሰዎች እየተካፈሉ መክፈል ነው ያለው። በግቢ ተከራይቶ ከአከራዩ ጋር አንድ ቆጣሪ የሚጋራም ሰው መኪናውን ከማምጣቱ በፊት ይነጋገር። በቻርጀሩ መስመር ላይ የምትገጠም አንዲት ትንሽ ቆጣሪ በየወሩ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ኮፈኑ ሲከፈት ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ማርሚታ የሚባል ነገር የለም። ወለሉ ሥር ጠፍጣፋ ባትሪ ተዘርግቷል፣ ባትሪው ለሞተሩ ይሰጣል፣ ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ ማርሽ መቀያየርም የለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና እንግዲህ ከ70 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያቃጥላል ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ በ15 የሚሠራውን ያንኑ መንገድ ለመሄድ። ልዩነቱ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ሙቀት ሆኖ የሚበተነው ነው። ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን ከቆጣሪው 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ወጣ ብንል፣ ለጥንቃቄም የአንዱን ዋጋ ከፍ አድርገን 10 ብር ብንይዝ፣ መቶው ኪሎ ሜትር 170 ብር ነው። በ2017 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከ120 ብር በላይ ስለነበር 8ቱ ሊትር 960 ብር አለፈ። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ ገና ሰፊ ነው።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ማሽን ከደጋችን ጋር መስማማቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ ቤተሰብ የጫነች ትንሽ መኪና ዳገት ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የነበረው ጉልበቱ እንጦጦም ላይ አለ። ባትሪም ብርቱ ብርድና ብርቱ ሙቀት አይወድም፤ የሰሜን አውሮፓ ባለመኪና በክረምት ከርቀቱ ብዙ ሲቀንስበት የእኛ ደጋ ዓመቱን ሙሉ ለባትሪው የሚመች አየር አለው።

ቁልቁለቱም ይጠቅማል። እግር ከነዳጁ መርገጫ ሲነሣ ሞተሩ ተገልብጦ ኃይል አመንጪ ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የፍሬን ሸራ ለረጅም ዓመት የሚቆየው በዚህ ነው። ነገር ግን ሙሉ የሆነ ባትሪ የሚመለስለትን ኃይል ማስቀመጫ የለውም። ሽሮ ሜዳ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው ማታ እስከ 90 ፐርሰንት ብቻ ቢሞላ ጠዋት ወደ ፒያሳ ሲወርድ መኪናው በሞተሩ ይያዝለታል። የመያዣውን ኃይል ከፍ ማድረግና ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ኋላ የሚቀመጡ ልጆች የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ዝቅ ይበል። አንድ ነገር ግን ሹፌሩ ይልመድ፦ መኪናው ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። እግረኛና መኪና አስፋልቱን በሚጋሩበት ሰፈር ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ሰምቶ ነውና ዝግ ማለት የሹፌሩ ዕዳ ነው።

መግዛቱ ላይ ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል። ማራቶን ሞተርስ በ2012 ሀዩንዳይ አዮኒክን እዚሁ መገጣጠም ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ በየመንገዱ የሚታዩት ግን በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የቢዋይዲ ሲገልና ሶንግ ፕላስ፣ የቮልክስዋገን አይዲ ፎርና ባለሦስት ረድፉ አይዲ ሲክስ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ሜኑው ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፣ የስልክ መተግበሪያው ላይሠራ ይችላል፣ የፋብሪካው ዋስትና ባሕር አይሻገርም። የሻጩ ዋስትና ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይሰጥ። የመሙያው ቀዳዳም በቻይና ደረጃ የተሠራው ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ ከዚያ ጋር አይገጥምም።

ስለ ባትሪው ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛው ዓይነቱ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ረጅም ዕድሜ አለው፣ ሙሉ ቢሞላም ብዙ አይጎዳም፤ ኒኬል ያለበት ዓይነት ግን በዕለት ተዕለት አጠቃቀም 80 ፐርሰንት ላይ ቢቆም ይሻለዋል። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው፤ ከእሱ ሩቡን ቀንሶ ማሰብ ይበጃል። ያገለገለ መኪና ከሆነ የባትሪው ጤንነት በኮምፒዩተር ይነበብ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሆዱም ይታይ፤ ባትሪው ያለው እዚያ ነው። ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱና የፍጥነት መቀነሻው ዝቅ ያለችውን መኪና ከሥር ይፍቃታል፤ የሰረጎደ የባትሪ ሽፋን ያለው መኪና በምንም ዋጋ አይገዛ። እኔ ብጠየቅ ለከተማችን መንገድ ከመሬት ከፍ ያለውን እመርጣለሁ።

ጋራዥ መመላለሱ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የፍሬን ዘይት አለው፣ ክብደቱ ጎማ ይበላል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውስጡ ያችው የድሮዋ 12 ቮልት ባትሪም አለች፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛልና ያልሠለጠነ እጅ አይንካው።

መብራት ሲሄድስ? አስቀድሞ ከ50 ፐርሰንት በላይ የመያዝ ልማድ ያለው ቤት ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ እንኳ የዕለት መንገዱ አይቋረጥበትም። ኃይል ወደ ውጭ መስጠት የሚችሉ ሞዴሎችም አሉ፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ የአንድን ቤት አምፖሎችና ፍሪጅ ለቀናት ይሸከማል። መብራቱ ሲመለስ ግን ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ጠብቆ መሰካት ጥሩ ነው።

ረጅም መንገድ ላይ ነው ነገሩ ገና የሚከብደው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን መሙያዎች እየተከፈቱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በቦሌ መንገድ ላይ ከፍቷል። ከከተማ ሲወጣ ይሳሳሉ። አዳማ ደርሶ መመለስ ለአብዛኞቹ መኪኖች ቀላል ነው። መውረዱ ርካሽ ነው፣ መመለሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ መውጣት ስለሆነ ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጨማሪ ይጠይቃል፤ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ ማደሪያ ቦታ መሰኪያ ያለው ሰው ይሄዳል። በጎጃም መንገድ ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ፍሬኑ ሳይግል ባትሪው ይጨምራል፤ ደጀን ሲወጣ ግን ያን ሁሉ መልሶ፣ ከዚያም አልፎ ይበላዋል። ሒሳቡ መሠራት ያለበት ደጀን ሲደረስ በሚቀረው ፐርሰንት ነው።

ስለዚህ ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ የከተማውን አስቀድሞ ይቀይርና የገጠሩን ያቆየው። አንድ ብቻ ያለው፣ በየበዓሉም ጎንደር ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ከሆነ ለዚያ ጉዞ መኪና መከራየት ከቤንዚን ጋር ዓመቱን ሙሉ ከመኖር ይረክሳል። በኤሌክትሪኩ እሄዳለሁ ያለ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት የሚያርፍበት ሆቴል ወይም ጣቢያ ጋ ይደውል፤ መብራት መኖሩን፣ መሙያው ስንት ኪሎ ዋት እንደሚሰጥና የጂቢቲ መሰኪያ እንዳለው ይጠይቅ።