ታንኳ ለምን አትሰምጥም?

ጀልባ እወዳለሁ ስል ሰው ፈገግ ይላል። «ወደብ በሌለበት አገር?» ባሕር ዳር ላደገ ሰው ግን ነገሩ አያስቅም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ ነው። ደሴቶቹ ላይ ሰው ይኖራል፣ ይታረሳል፣ ይቀደሳል፤ ከዘጌ ቡናውም ማገዶውም በውሃ ሲመጣ ኖሯል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ቀልቤ እዚያው ነው። የሞተር ጀልባውም፣ ጎርጎራ የሚሻገረው መርከብም ደስ ይለኛል። እንደ ታንኳ የምወደው ግን የለም። ፎቶ የማያነሳት የለም፤ እንዴት እንደምትንሳፈፍ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝምና ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማይገባበት ነው። ከተቀደደ አለቀለት። ታንኳ ግን ወለሏ ውሃ ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል፤ ማንም አይጨነቅም። የሚንሳፈፈው የተሠራችበት ደንገል ራሱ ነው። የደንገል አገዳ ብትቆርጡ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከላይ አረንጓዴ ልጣጭ፣ ከውስጥ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ነጭ ገላ አለው። ስለዚህ ታንኳን የሚገድላት ቀዳዳ ሳይሆን ጥማት ነው። ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች። ከሥራ ስትመለስ ዳር አውጥተው የሚያደርቋትም ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ በዓመታት አይቆጠርም። ያረጀችው ትጣላለች፣ አዲስ ትታሰራለች።

አዎ፣ ትታሰራለች። ምስማር የሚባል ነገር የለባትም። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ እየተጠቀለለ በገመድ ይጠፈራል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ይያያዛሉ፣ አፍንጫዋ ማዕበል እንድትወጣ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን እስሩ ከላላ ታንኳዋ ቶሎ ትጠጣለች፣ ትጣመማለችም። በዚህ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። (በሠሩት ታንኳ ስንሻገር ኖረን እነሱን ራሳቸውን ማግለላችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።)

የደንገል ጀልባ የሐይቅ መጫወቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለመፈተን ሲነሳ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ»ን ሠሩለት፤ ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ስለሰጠመ ሄየርዳል ትቷት ወጣ። ከምክንያቶቹ አንዱ ያስደምመኛል። በጥንታዊ ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቀለበሰው ኋላ ወደ ወለሉ የሚወጠር ገመድ አለ፤ እነ ሄየርዳል ፋይዳው ስላልገባቸው ትተውት ነበር። በዓመቱ «ራ ሁለት»ን የቦሊቪያ አይማራዎች ሠሩለት፤ ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነው። በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። እኛ አገር ይህን የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንዳነሰ አይገባኝም።

በእርግጥ ጣናም ሐይቅ ነው ተብሎ አይናቅም። ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ነው፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይደርሳል። ቀዛፊው ረጅም ዘንጉን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየነከረ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ይይዛታል፤ ጎኗን አይሰጥም።

አሁን የሚያሰጋኝ ግን ንፋሱ አይደለም፤ ደንገሉ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። ደንገሉን ግን ከዚያም በፊት ስንጨርሰው ነበር። ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ሳያድግ ይታጨዳል። ደንገል ሲጠፋ የሚጠፋው የታንኳ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዓሣው የሚሸሸግበትና የሚራባበት፣ ከእርሻው የሚወርደው ደለልም የሚያዝበት ቦታ አብሮ ይሄዳል።

ባሕር ዳር የምትመጡ ከሆነ ጠዋት ውጡ። ባለ ታንኳውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ካነሳችሁም ክፈሉት። ዋና ብትችሉም የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ባለ ታንኳው ሲያሳፍራችሁ መሐል ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጉማሬ ብታዩ እንኳ እንዳትነሱ። ነጭ ሱሪ ግን ሆቴል ተዉት፤ መራሱ አይቀርም።