ያገለገለ የጭነት መኪና ከመግዛት በፊት

በዲክሲስ ወረዳ የስንዴውና የገብሱ መከር በተሰበሰበ ጊዜ እህሉን ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ የጭነት መኪና እጅግ ይፈለጋል። ለገበያ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ አይሱዙ ነው። ነጋዴው ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጎማውን መርምሮ ዋጋ ይቆርጣል። ይህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የመኪናው ታሪክ ከሞተሩ ይልቅ በመዝገቡ ይገኛል።

እህልም ሆነ ጨርቅ በርክክብ የገዢው ይሆናል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ዝውውር የወጡትን ልዩ ሕጎች ጠብቋል። ስለሆነም ቁልፍና ሊብሬ መቀበል ብቻውን አይበቃም። ገዢው መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ራሱ ሄዶ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከፋይሉ ጋር መስማማቱን፣ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባም እንደሆነ ቀረጡ መከፈሉን ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ያለ የዋስትና መብት የሚጻፍበት መዝገብ ስላለ ያም ይታይ።

ከሁሉ የሚከፋው የውክልና ሽያጭ ነው። መኪናው ስሙ ሳይዛወር በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በሊብሬው የተጻፈው ሰው ቢሞት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው ይቀራል፤ ገዢውም ከወራሾች ጋር ሙግት ይገጥማል። ስለዚህ ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናውም አለመሻሩን ማጣራት ያሻል።

ቀብድ የሰጠ ገዢ ከውሉ ቢወጣ ቀብዱ ይቀርበታልና፣ ደላላው ሌላ ገዢ ቆሟል ብሎ ቢያጣድፍም፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ቀብድ አይከፈልም።