የማስጠንቀቂያ ደወልን ማዘጋጀትና መፈተን

ገላጭ ድርሰት አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ያስረዳል፤ ለየእርምጃውም ምክንያቱን ይሰጣል። ይህን እያስተዋላችሁ የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ።

ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደ አሞራ ገደል ብትወርዱ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ሻጭና ገዥ በዋጋ ሲከራከሩ፣ አባ ኮዳዎችም ለዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ታያላችሁ። ጫጫታው እንግዳን ያደነቁራል፤ በዚያ የሚውለው ዓሣ ሻጭ ግን ልብ አይለውም። ጆሮ የለመደውን ድምፅ ችላ ይላልና።

ይህ ልማድ በገበያ ጉዳት የለውም፤ በሆስፒታል ግን ሕይወት ያስከፍላል። በዚያው ከተማ እንዳለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባሉ ተቋማት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሞኒተር የተባለው መሣሪያ የሕመምተኛውን የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊትና በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይከታተላል። ልኬቱ ከተሰጠው ወሰን ሲያልፍ ደወል ያሰማል። ወሰኑን የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ወሰኑ ከመጠን በላይ ከጠበበ ደወሉ ያለ ምክንያት ሲጮኽ ይውላል፤ ሰሚውም ችላ ይለዋል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ሕመምተኛው እየደከመ መሣሪያው ዝም ይላል። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2009 እስከ 2012 አጋማሽ ከደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደ ተነገሩትና 80ዎቹ በሞት እንደ ተደመደሙ ገልጿል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሕመምተኛው አዋቂ፣ ልጅ ወይም ጨቅላ መሆኑ በመሣሪያው ላይ ይመረጣል። ያረፈ አዋቂ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ሲመታ፣ የጨቅላ ልብ ግን 140 ጊዜ ቢመታ ጤናማ ነውና። ቀጥሎ የየልኬቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ይሞላል፤ ያለፈው ሕመምተኛ ወሰን ሳይለወጥ እንዳይቀርም ይጣራል። በመጨረሻ ድምፁ ከክፍሉ ውጭ እስኪሰማ ድረስ ከፍ ይደረጋል።

የተዘጋጀ ደወል ሳይፈተን አይታመንም። ስለዚህ ነርሷ መሣሪያውን ከሕመምተኛው ጋር ከማያያዟ በፊት መቆንጠጫውን በራሷ ጣት ላይ ታደርጋለች። የልብ ምቷ 78 ቢያሳይ ዝቅተኛውን ወሰን ለጊዜው ወደ 90 ከፍ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ደወሉ መጮኽ፣ ማስጠንቀቂያ መብራቱም መብራት አለበት። ቀጥላ መቆንጠጫውን ታወልቃለች፤ መሣሪያው መውለቁን ማሳወቅ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ገመዱንም ነቅላ ባትሪው መሥራቱን ታያለች፤ መብራት በጠፋ ሌሊት እንዳይከዳት። ከዚያም ወሰኑን ወደ ነበረበት መልሳ በመዝገብ ታሰፍራለች።

ደወሉ በጮኸ ጊዜ ግን አስቀድሞ የሚታየው ሕመምተኛው ነው፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መልመጃ

1. ምንባቡ ስለ አሞራ ገደል በመናገር የጀመረው ለምንድን ነው?
2. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር እንዴት ይስማማል?
3. «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» በሚሉት ቃላት እየተጠቀማችሁ፣ የምታውቁትን አንድ ሥራ ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።